ከሰፈር በላይ ያለ ተዳፋት ተሰንጥቋል፤ ክረምቱ ሳይገባ የቱ ሥራ ይቅደም?

ካስማ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ደጋ ነው። በተራራ ጎን አንድ የገጠር መንገድ ያልፋል፤ ከመንገዱ በታች ከ20 በላይ ቤቶች አሉ። ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት በክሊኖሜትር (የዝንባሌ መለኪያ) ሲለካ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በልጉ ሊያበቃ ሲል ከመንገዱ 40 ሜትር ያህል ወደ ላይ ስንጥቅ ታየ። ርዝመቱ 35 ሜትር ሲሆን እንደ ማጭድ ጎብጧል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች ዞረዋል። እጅ ያስገባል። የታችኛው ጎን ከላይኛው 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሏል።

አፈሩ ላይ ላዩን ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከሥሩ ቡናማ ሸክላ ከተፈረካከሰ ባሳልት ጋር ተደባልቋል። መንገዱ ሲወጣ ግርጌው 2.5 ሜትር ያህል ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ከቆረጣው ሥር ድሮም ትንሽ ምንጭ ነበረች፤ ሰሞኑን ውሃዋ ደፍርሷል።

የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከግርጌ 3 ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ ግንብ መሥራት፣ ሁለተኛው ከስንጥቁ በላይ ትሬንች (ውሃ የሚያቁር አጭር ቦይ) ቆፍሮ ጎርፉን እዚያው ማስረግና ባሕር ዛፍ መትከል፣ ሦስተኛው ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ነው። ገንዘቡ ከአንዱ አያልፍም፤ የሰው ጉልበት ግን አለ። ክረምት ሊገባ አንድ ወር ተኩል ቀርቷል። የቱን እናስቀድም?

---

ሸክላ

ከሦስቱ አንዱንም አታስቀድሙ። ሁለተኛውን ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

የጎበጠ ስንጥቅ፣ የወረደ የታችኛው ጎን፣ የደፈረሰ ምንጭ፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ መሬቱ በድርቀት አልተሰነጠቀም፣ ሄዷል። ዋልካ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በየአቅጣጫው እንደ ንብ እንጀራ ነው፤ ጎን ለጎን ከፍታም አይለያይም። የእናንተው ከአናቱ ተገንጥሎ ወደ ታች እየተሳበ ያለ አካል ነው። ምንጩ የደፈረሰው ከሥር የሚንቀሳቀሰው አፈር ደቃቁን እያጠበ ስለሚያወጣው ነው።

ቁጥሩን እንየው፤ ክርክሩን እሱ ይጨርሰዋል። የተንሸራተተው ንብርብር ውፍረት 3 ሜትር ነው እንበል። የአፈሩ ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 18 ኪሎኒውተን፣ የውስጥ ሰበቃ ማዕዘኑ (ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ላለመንሸራተት ያላቸው መቋቋም) 28 ዲግሪ፣ የመያያዝ ኃይሉ 5 ኪሎፓስካል ይሁን። ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ሲሆን ወደ ታች የሚጎትተው ጫና 20.7 ኪሎፓስካል (በካሬ ሜትር 20.7 ኪሎኒውተን) ይመጣል። የሚይዘውን ለሚጎትተው ስናካፍል፦

አፈሩ ደረቅ ሲሆን 1.38 ይወጣል፤ ይቆማል።
ውሃው ከሥር እስከ ግማሽ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ሲሞላ 1.07፤ በጭንቅ ይቆማል።
ውሃው እስከ ላይ ሲሞላ 0.76፤ ይወርዳል።

ተዳፋቱ ያው፣ አፈሩ ያው፣ የተቀየረው ውሃው ብቻ ነው። ውሃ አፈርን «ስለሚያከብደው» ይወርዳል የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ዋናው ነገር በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የተጠራቀመው ውሃ ግፊት ፈጥሮ ቅንጣቶቹን ማላቀቁ፣ ሰበቃቸውንም መቀነሱ ነው። የአፈር ሜካኒክስ መሥራቹ ቴርዛጊ ከመቶ ዓመት በፊት ያስቀመጠው ይኼንኑ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 28 ዲግሪ ያልኩት ላልተንሸራተተ አፈር ነው። ሸክላ አንዴ ከተንሸራተተ ቅንጣቶቹ በእንቅስቃሴው አቅጣጫ ይተኙና ገጹ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል። ዋልካ የበዛበት ከሆነ ሰበቃው ከ15 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ «አሁን ቆሟል» ማለት «ድኗል» ማለት አይደለም። አንዴ የተንሸራተተ ቦታ በሚቀጥለው ክረምት ካለፈው ባነሰ ዝናብ ይነሣል።

---

ጋቢዮን

በሸክላ ስሌት ላይ ልቀጥል፤ ግንቡ የሚታይ ሥራ ስለሆነ ብቻ ገንዘቡን ሁሉ ይበላዋል።

20.7 ኪሎፓስካል በ40 ሜትር ርዝመት ሲባዛ በእያንዳንዱ የጎን ሜትር (በተዳፋቱ አግድም በየአንዱ ሜትር) 84 ቶን ያህል ወደ ታች ይጎትታል። 3 ሜትር ቁመት፣ በአማካይ 1.2 ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ በጎን ሜትር 8 ቶን ይመዝናል። መሠረቱ ላይ ያለው ሰበቃ 0.6 ቢሆን የሚይዘው 5 ቶን ነው። አብዛኛውን የሚይዘው አፈሩ ራሱ ቢሆንም፣ ግንቡ የሚጨምረው ከ84 ቶኑ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በተቃራኒው በዚያው ንብርብር ውስጥ ያለውን ውሃ በ1 ሜትር ዝቅ ብታደርጉ የምታገኙት ተጨማሪ ሰበቃ 17 ቶን ይሆናል፤ ከግንቡ ሦስት እጥፍ ተኩል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት መሠረቱ ነው። መንሸራተቻው ገጽ ከግንቡ መሠረት በታች ካለፈ ግንቡ ተሳፋሪ ነው፤ ምንም ሳይሰነጠቅ ከነአፈሩ ይሄዳል። ሦስተኛው ለመሠረቱ የሚቆፈረው ቦይ ነው። ግርጌው አሁንም 2.5 ሜትር በመቆረጡ ተዳክሟል። በዚያ ላይ 35 ሜትር ሙሉ ቦይ በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ናዳውን የምትጠሩት እናንተው ናችሁ።

አራተኛው ውሃ ማውጫ ቀዳዳ ነው፤ ግንበኛው ይረሳዋል፣ ወይ ልስን ይደፍነዋል። 3 ሜትር ግንብ ጀርባው ደረቅ ከሆነ አፈሩ የሚገፋው በጎን ሜትር 2.7 ቶን ያህል ነው። ጀርባው በውሃ ከሞላ ግፊቱ 5.7 ቶን ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 4.5ቱ የውሃው ብቻ ነው። በክረምት አጋማሽ ሆዱን ገፍቶ የሚወድቀው ግንብ አብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ለግርጌው የሚሆነው ሌላ ነው፦ ሻካራ ድንጋይ መቆለል። መንገዱን ማጥበብ ወይም ወደ ውጭ ማዞር ከተቻለ ቆረጣውን በ2.5 ሜትር ቁመትና በ4 ሜትር ስፋት በጥርብ ባልሆነ ድንጋይ ሙሉት። በጎን ሜትር ወደ 18 ቶን ይመዝናል፤ 11 ቶን ያህል ይይዛል። ውሃም ያሳልፋል። ከድንጋዩና ከአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር ጨርቅ) ይነጠፍ። ካልተገኘ 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አሸዋና ጠጠር ይሁን፤ በላስቲክ አትተኩት፣ ላስቲክ ውሃውን ያግተዋል። ምንጩ ላይ መጀመሪያ የተበሳ ቱቦ በጠጠር ከባችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ ድንጋዩን ደርድሩ። ምንጩን መድፈን ማለት ተዳፋቱን በውሃ መንፋት ነው።

ሥራው ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሜትር እየተከፋፈለ ይሠራል፤ አንዱ ተሞልቶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ድንጋዩን ለማምጣት ከዚያው ተዳፋት ግርጌ መፈንቀል አይፈቀድም (ይኼ ይደረጋል፤ ቅርብ ስለሆነ)። መንሸራተቻው የሚወጣው ከመንገዱ በታች ከሆነ ግን ድንጋዩ አናት ላይ የተጫነ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመንገዱ በታች ያበጠ መሬት፣ የተገፋ አጥር፣ ያዘመመ ዛፍ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ።

---

እርከን

ትሬንቹን «ጨርሶ አትንኩት» መባሉ ለብዙ ሰው አይዋጥም፤ ምክንያቱን ላብራራ። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ትልቁ ዓላማ ጎርፉ እንዳይሮጥ አስቁሞ ማስረግ ነው። የተራቆተ፣ አፈሩ ስስ የሆነ፣ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ አለት ያለው ተዳፋት ላይ ይኼ ትክክል ነው፤ ምንጭም ይመልሳል። ጥልቅ ሸክላ ባለበት፣ የቆየ ናዳ በተከመረበት ቦታ ግን ያው ሥራ መርዝ ይሆናል።

ልኩን አስቡት። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ትሬንች 750 ሊትር ይይዛል። መቶ ትሬንች ሲሞላ 75 ሺህ ሊትር ነው። ያ ውሃ ወደ ሸክላው ሲሰርግ የሚያርፈው መንሸራተቻው ገጽ ላይ ነው፤ በቀጥታ ወደዚያ የሚያደርስ የተከፈተ ስንጥቅም አለ። በክረምት ትሬንቹ አሥር ጊዜ ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ ይኼ ነው፦ ስንጥቅ ባለበት አካልም ሆነ ከእሱ በላይ ውሃ የሚያቁር ነገር አይቆፈር። ትሬንች፣ የችግኝ ግማሽ ክብ፣ የከብት ኩሬ፣ ዝንባሌ የሌለው እርከን፣ ሁሉም። አሁን ያለ እርከን ካለ አንድ ጫፉ ተከፍቶ ውሃው በዝንባሌ ወደ ተፈጥሮ ወራጅ ይውጣ። ጥበቃው ተፋሰሱ ውስጥ ሌላ ቦታ ይቀጥል።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ፣ የዛፍ ሥር አፈር የሚሰፋው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ነው። መንሸራተቻው 3 ሜትር ላይ ከሆነ ሥሩ ከላይ ይንሳፈፋል። ዘንድሮ የተተከለ ችግኝ ለዘንድሮ ክረምት ምንም አያደርግም፤ የመትከያ ጉድጓዱ ግን ውሃ ያስገባል። ዛፍ ውሃ መጣጭ ስለሆነ በዓመታት ውስጥ ይረዳል፤ ያለውን ዛፍ መቁረጥም ስህተት ነው፣ ሥሩ በስብሶ ሲያልቅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዳፋቱ ይለቃል። ለቦዩ ዳርና ለተገለጠው አፈር ቬቲቨር ወይም ዴሾ ሣር ይበቃል፤ እሱም ለላይኛው አፈር እጥበት እንጂ ለመንሸራተቱ አይደለም።

---

ካስማ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። እንግዲያው ትሬንቹ ቀርቷል። ከስንጥቁ በላይ ወደዚያ የሚፈስ መሬት 2 ሄክታር ያህል ነው፤ ከፊሉ የገብስ ማሳ፣ ከፊሉ ግጦሽ። ከስንጥቁ ጎን 70 ሜትር ርቀት ላይ አለት የወጣበት ወራጅ አለ። ቦዩ እንዴት ይለካ? ስንጥቁስ በሲሚንቶ ካልሆነ በምን ይደፈን? መንሸራተቻው 3 ሜትር ላይ መሆኑንስ በምን እናውቃለን?

---

የመንገድ ቦይ

ቦዩን እኔ ልያዝ።

የውሃው መጠን፦ 2 ሄክታር፣ ከማሳና ከግጦሽ የሚፈሰው የዝናቡ ግማሽ ነው ብለን፣ ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊሜትር ቢወርድ በሰከንድ 170 ሊትር ገደማ ይመጣል። የአካባቢውን የዝናብ ጥንካሬ ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ማኑዋል ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ተኩት። ወለሉ 50 ሳንቲሜትር፣ ጎኖቹ 45 ዲግሪ የተጋደሙ፣ ዝንባሌው በመቶ ሜትር 1 ሜትር የሆነ ቦይ ውሃው 30 ሳንቲሜትር ሲሞላ በሰከንድ 250 ሊትር ያህል ያሳልፋል። ደለል ስለሚጠራቀም 50 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቆፍሩ።

ቦታው፦ ከስንጥቁ ቢያንስ 10 ሜትር ወደ ላይ። ስንጥቁ ወደ ኋላ እየበላ ስለሚሄድ ቀርቦ የተሠራ ቦይ በሚቀጥለው ወር ውስጡ ይገባል። ዝንባሌው ከ1 በመቶ አይለፍ፤ ያልተነጠፈ ቦይ ከዚያ በላይ ከሆነ ወለሉን ይበላና ገደል ይሆናል። ከ0.5 በታች ከሆነ ደለል ይሞላዋል። ዝንባሌውን በዓይን አትገምቱ። በሁለት ሜትር እንጨትና በውሃ ልክ፣ ወይም በመስመር ደረጃ መለኪያ በየ10 ሜትሩ ካስማ ትከሉ፤ በየካስማው ልዩነቱ 10 ሳንቲሜትር ነው። የወጣው አፈር ከታች በኩል ይደልደል፣ ይጠቅጠቅ።

ማንጠፍ፦ ያልተነጠፈ ቦይ እዚህ ቦታ ላይ እንደ ረጅም ትሬንች ነው፤ ከስንጥቁ ትይዩ ያለውን 50 ሜትር የግድ ንጠፉት። የድንጋይ ንጣፍ በሲሚንቶ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ ሲነቃነቅ ይሰነጠቅና ውሃውን ማንም ሳያየው ያስገባል። ለዘንድሮ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ አንጥፎ፣ በመጋጠሚያው የላይኛው በታችኛው ላይ ግማሽ ሜትር ተደርቦ፣ ዳሩን 30 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ቀብሮ በጠፍጣፋ ድንጋይ መጫን ይሻላል፤ ከተቀደደ ይታያል።

ማፍሰሻው፦ ቦዩ አለቱ ላይ ይድረስ። የመጨረሻዋ 3 ሜትር ላይ ድንጋይ ካልተረበረበ ውሃው ወራጁን ቆርጦ አዲስ ገደል ያበጃል። መውጫውን ለሌላ ሰው ማሳ መልቀቅም ጠብ ነው፤ ጎረቤቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ቅደም ተከተሉ፦ ከመውጫው ጀምሩና ወደ ላይ ቆፍሩ። ከላይ የተጀመረ ቦይ በመሀል ዝናብ ከመጣበት ውሃውን ሰብስቦ ስንጥቁ ውስጥ ይደፋዋል።

---

ሸክላ

ስንጥቁን። ሲሚንቶ አይሆንም፤ መሬቱ ነገ 1 ሴንቲሜትር ሲሄድ በሲሚንቶውና በአፈሩ መካከል አዲስ ክፍተት ይፈጠራል። ድንጋይና አሸዋ ደግሞ ባሰ፤ ውሃውን ወደ ሥር የሚወስድ መንገድ ይሆናሉ። በሁለቱም ጎን 25፣ 25 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ በ50 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፤ በርጥብ ግን በማያጣብቅ ሸክላ በ10 ሳንቲሜትር ንብርብር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። እጅ ላይ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ መዳፍን ግን የማያርስ ርጥበት ልኩ ነው። አናቱ ከመሬቱ ከፍ ብሎ እንደ ጎድጓዳ ሳይሆን እንደ አሞራ ጀርባ ይጉበጥ። ከላይ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ አፈር። በክረምት በየሳምንቱ መልሶ መጠቅጠቅ ይፈልጋል፤ አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም።

በምትሞሉበት ጊዜ የስንጥቁን 2 ሜትር ያህል ክፍት ተዉት፤ በላስቲክ ሸፍኑት። ለመለኪያ ያስፈልጋል።

ጥልቀቱን ለማወቅ። መነሻ ግምት አለ፦ ስስ ሆኖ የሚንሸራተት አካል ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ 40 ሜትር ከሆነ እስከ 4 ሜትር ነው። እየዞረ የሚወርድ ከሆነ ከዚያ ይጠልቃል፤ አናቱ ላይ መሬቱ ወደ ተራራው ወደ ኋላ ያዘነበለ ከሆነ የዚህ ምልክት ነው። ለማረጋገጥ በእጅ ኦገር (እየተጠመዘዘ አፈር የሚቦረቡር መሣሪያ) በስንጥቁና በመንገዱ መካከል ሦስት ጉድጓድ እስከ 5 ሜትር ቦርቡሩ። ድንጋይ ከከለከለ ግማሽ ሜትር ራቅ ብላችሁ ሞክሩ። አፈሩን በየ25 ሳንቲሜትሩ ቆርሳችሁ በጣት ለዩት። የሚያብለጨልጭ፣ በጥፍር የተቧጨረ የሚመስል መስመር ያለበት ለስላሳ ገጽ ካገኛችሁ እሱ ነው። ከሱ በላይ ያለው አፈር ለስላሳና ርጥብ፣ ከሱ በታች ያለው ጠጣር መሆኑም ይነግራችኋል።

ከዚያ በየጉድጓዱ ታችኛው 1 ሜትር በመጋዝ የተሰነጠቀ፣ 32 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ አስገቡ። ዙሪያውን በጠጠር፣ የላይኛውን ግማሽ ሜትር በሸክላ ድፈኑ፤ አለበለዚያ የምትለኩት የላይ ጎርፍን ነው። ክር ላይ ብረት አስራችሁ የውሃውን ከፍታ በየቀኑ ለኩ። ይኼው ቱቦ ሁለተኛ ጥቅም አለው፦ ግማሽ ሜትር የምትረዝም ቀጥ ያለች ፌሮ በሲባጎ አስራችሁ በየሳምንቱ አውርዱ። መሬቱ ሲሄድ ቱቦው መንሸራተቻው ላይ ይታጠፍና ፌሮዋ አታልፍም። የቆመችበት ጥልቀት የምትፈልጉት ቁጥር ነው። ገበያ ላይ ያለው መሣሪያ ከዚህ የሚበልጠው በትክክለኛነቱ ነው፤ ለውሳኔ ግን ይኼም ይበቃል።

የመሬት ውስጥ ማፋሰሻ ቦይ ለሚቀጥለው በጋ ይቆይ። 2.5 ሜትር ጥልቀት፣ በየ8 ሜትሩ፣ አቅጣጫው ከላይ ወደ ታች፣ በጂኦቴክስታይል የተጠቀለለ ጠጠር፣ ከሥሩ የተበሳ 110 ሚሊሜትር ቱቦ። አሁን በሚንቀሳቀስ አፈር ውስጥ ያን ያህል መቆፈር ሰው መቅበር ነው። ድጋፍ የሌለው ቦይ ውስጥ ከ1.2 ሜትር በታች ሰው አይግባ፤ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ርጥብ አፈር ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል።

---

ጎፋ 15

እስካሁን ስለ አፈሩ ተባለ፤ ስለ ሰዎቹ ያለው ይቀረኛል። ሥራው ሁሉ በልኩ ቢሠራ እንኳ ተዳፋቱ ዘንድሮ ሊወርድ ይችላል።

መጀመሪያ አደጋ ውስጥ ያሉትን ቤቶች ለዩ። ስንጥቁ አናት ላይ ቆማችሁ ክሊኖሜትሩን 20 ዲግሪ ወደ ታች አድርጉና ተመልከቱ። ያ የእይታ መስመር መሬት የሚነካበት ቦታ ድረስ ያለ ቤት ሁሉ ናዳው ሊደርስበት የሚችል ነው ብላችሁ ያዙ። ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ስለሆነ መስመሩ መሬት የሚነካው ከታች ሜዳው ከጀመረ በኋላ ይሆናል፤ ማለትም ምናልባት ሁሉም ቤቶች ውስጥ ናቸው። ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ አፍ ላይ ያለ ቤት ካለ 20 አይበቃም። ጭቃ ሆኖ ከፈሰሰ በ10 እና በ12 ዲግሪም ይሄዳል።

መለኪያው። ከስንጥቁ በላይ ባልተነካው መሬት አንድ ካስማ፣ ከሥር ባለው አካል ሌላ ካስማ፣ በ2 ሜትር ርቀት፣ 70 ሳንቲሜትር ተቀብረው። አናታቸው ላይ ምስማር ምቱ፤ ከምስማር ምስማር በብረት ሜትር ለኩ፣ በጨርቅ ሜትር አይሆንም፣ ይለጠጣል። ሦስት ቦታ ይሁን፤ መሀልና ሁለት ዳር። አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በየቀኑ ጠዋት በደብተር ይመዝግብ። ከጎኑ የዝናቡን፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ሜዳ ላይ አስቀምጦ በውስጡ ያለውን ውሃ በማስመሪያ መለካት ይበቃል።

ቁጥሩን እንዲህ ተጠቀሙበት። የቀኑ ፍጥነት 2 ሚሊሜትር፣ ከዚያ 2.5፣ ከዚያ 3.3፣ ከዚያ 5 ሆነ እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ አካፍሉ፦ 0.5፣ 0.4፣ 0.3፣ 0.2። በወረቀት ላይ ነጥቡን አስቀምጣችሁ መስመር ስትስቡ ከሁለት ቀን በኋላ ዜሮ ይነካል። መሬቱ ሊለቅ የሚችለው በዚያ አካባቢ ነው። ጃፓናዊው ፉኩዞኖ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዘዴ ነው፤ ለስስና ድንገተኛ ናዳ አይሠራም፣ ቀስ ብሎ ለሚሳብ ሸክላ ግን ይሠራል። እናንተ ዜሮውን አትጠብቁ፤ ፍጥነቱ ለሦስት ተከታታይ ቀን ከጨመረ ሰው በዚያው ቀን ይውጣ፣ በብርሃን።

ዝናብ ቆመ ብሎ መመለስም ይገድላል። ውሃ በሸክላ ውስጥ የሚሄደው በቀስታ ነው፤ ክረምቱ የጠጣውን መሬት የሚያንቀሳቅሰው አንዳንዴ ሲያበቃ ነው። ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይን የተንሸራተተው በ1998 መስከረም መባቻ ነበር። ለመመለስ መመዘኛው ሰማዩ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ መውረዱና ካስማው ለሁለት ሳምንት አለመንቀሳቀሱ ይሁን።

አሁን ዋናው። በሐምሌ 2016 አጋማሽ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መጀመሪያ የወረደው ናዳ የጥቂት ቤተሰቦችን ቤት ነበር የቀበረው። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ በእጁና በዶማ ሊያወጣቸው ተሰበሰበ፤ ፖሊስም፣ መምህርም፣ የጤና ሠራተኛም ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ያለቀው በአብዛኛው በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ናዳ ከላይ ያለውን አፈር ድጋፍ ያሳጣዋል፤ ቀጥ ያለ፣ ርጥብ፣ ምንም የማይደግፈው ግድግዳ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛው የተለየ አጋጣሚ አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው። ጩኸት ሲሰማ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ «አትሂዱ» ብሎ መለጠፍ አይረዳም። ከአሁኑ የሚመደቡ ሰዎች ይኑሩ፦ አንድ ከጎን ሆኖ አናቱን ብቻ የሚያይ፣ ጥሩምባ ወይም ፉጨት ያለው፤ ከስምንት የማይበልጡ ቆፋሪዎች፤ ሌላው ሰው ከናዳው መንገድ ወጥቶ በጎን በኩል የሚቆምበት የታወቀ ቦታ። ቆፋሪው ከጎን ይገባል፣ ከሥር አይደለም። መሸሻውም ወደ ጎን ነው፤ ወደ ታች የሚሮጥን ናዳ ይቀድመዋል። ይኼን በሰኔ አንድ ቅዳሜ ሰብስባችሁ በእግር አስለማምዱት።

---

ጋቢዮን

አንድ ያልተጠየቀ ነገር። ከስንጥቁ በላይ ወይም አጠገብ ሽንት ቤት፣ የቦኖ ውሃ፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የመስኖ ቦይ አለ? ብዙ ጊዜ አለ፤ ሰው ግን አይጠቅሰውም። በደቂቃ 2 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 2,880 ሊትር ያስገባል፤ በጋ ከክረምት ሳይል።

---

ካስማ (ጠያቂ)

አለ። ከስንጥቁ 15 ሜትር በላይ የቦኖ ማጠራቀሚያ ታንከር አለ፤ የትርፍ ውሃ ማስወጫው ሜዳ ላይ ነው የሚፈሰው። ለከብት ማጠጫ ይጠቀሙበታል።

---

ጋቢዮን

ነገ ጠዋት እሱን ጀምሩ፤ ቦዩን ሳትጠብቁ። ከትርፍ ውሃ ማስወጫው እስከ አለቱ ወራጅ ድረስ ጥቁር ፖሊኢትሊን ቱቦ ዘርጉ። ዲያሜትሩ ከማስወጫው አይነስ፤ ቧንቧው 2 ኢንች ከሆነ ቱቦው ቢያንስ 63 ሚሊሜትር ይሁን። አትቅበሩት፤ መሬት ላይ ይተኛ፣ በየመጋጠሚያው ትንሽ ላላ ይበል፣ መሬቱ ሲሄድ እንዳይነቀል። የከብቱ ገንዳ ወደ ወራጁ ማዶ ይዛወር። ከዚያ ታንከሩን ሙሉና ማታ መግቢያውንም መውጫውንም ዝጉ፤ ጠዋት ውሃው በስንት ሳንቲሜትር እንደወረደ ለኩ። ታንከሩ በ2 በ2 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሳንቲሜትር 40 ሊትር ነው። ከወረደ ወለሉም ያፈሳል ማለት ነው፤ ባዶ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ እስክትሠሩ ቦኖውን ከመስመሩ በቀጥታ አገናኙት።